ኦርደር የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በጀርመንኛ ምን ልበለው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የአንድ ድርጅት የኢንተርኔት መደብርንና ከጀርባው ያለውን የሽያጭ ሶፍትዌር ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ እየተረጎምኩ ነው። ኦርደር የሚለው ቃል በየገጹ ይመጣል። መዝገበ ቃላቱ በሽቴሉንግ፣ አውፍትራክ፣ በፌል፣ ኦርድኑንግ፣ ራየንፎልገ እያለ ይደረድርልኛል። አሠሪዬ ደግሞ አንድን የእንግሊዝኛ ቃል ሁልጊዜ በአንድ የጀርመንኛ ቃል ብቻ ተርጉም ብሎኛል። በመደብሩ መጠቀሚያ ውል ላይ ስለ ፍርድ ቤት ኦርደር የሚናገርም አንቀጽ አለ። የቱን ልያዝ?»

አንዱን ብቻ መያዝ አይችሉም። የአሠሪዎ ደንብ ግን ከጥሩ ሐሳብ የመነጨ ስለሆነ ጨርሶ አይጣሉት፤ ያስተካክሉት። የሙያ ቃላትን የሚያደራጁ ሰዎች «አንድ ቃል ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ» ይላሉ። ደንቡ የሚሠራው ከጽንሰ ሐሳብ ወደ ቃል ሲኬድ እንጂ ከአንድ ቋንቋ ፊደል ወደ ሌላ ቋንቋ ፊደል ሲኬድ አይደለም። ኦርደር በእንግሊዝኛ አንድ ድምፅ ቢሆንም ብዙ ጽንሰ ሐሳቦችን ተሸክሟል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጽንሰ ሐሳብ ለይተው ለእያንዳንዱ አንድ የጀርመንኛ ቃል ይስጡት፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ይጽኑ። አሠሪዎ የሚፈልገውን ወጥነት የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ተርጓሚ እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ኦርደር ተራን ሲያመለክት ቅደም ተከተል፣ ደንብንና ጸጥታን ሲያመለክት ሥርዓት፣ ሽልማትን ሲያመለክት ኒሻን እንላለን፤ እስከዚህ ድረስ ቋንቋችን ራሱ ይለይልናል። ዕቃ ማዘዝን፣ ሥራ መስጠትን፣ የአዛዥን ቃልና የዳኛን ውሳኔ ግን ሁሉንም ትዕዛዝ ብለን እናልፋቸዋለን። ጀርመንኛ ደግሞ ልዩነቱን የሚያጠብቀው እዚሁ ላይ ነው። በአእምሯችን ቃሉን መጀመሪያ ወደ አማርኛ ካዞርነው ልዩነቱ ወደ ጀርመንኛ ሳንደርስ ይጠፋብናል።

ከንግዱ እንጀምር፤ ሥራዎ በአመዛኙ እዚያ ነውና። ሁለት የጀርመን ድርጅቶች ሲገበያዩ በሚላላኩት ኢንቮይስ ራስጌ ላይ ሁለት መስመሮችን አንድ ላይ ማየት የተለመደ ነው። አንዱ «ኢረ በሽቴልኑመር» ይላል፣ የእናንተ የበሽቴሉንግ ቁጥር ማለት ነው። ሌላው «ኡንዘረ አውፍትራክስኑመር» ይላል፣ የእኛ የአውፍትራክ ቁጥር። እንግሊዝኛው ሁለቱንም ኦርደር ነምበር ይላቸዋል። ግብይቱ አንድ፣ ዕቃውም አንድ ነው፤ የተለየው የቆሙበት ቦታ ነው። ገዢው ሲልከው በሽቴሉንግ ነው። ሻጩ ተቀብሎ የሚፈጽመው ሥራ አድርጎ በራሱ መዝገብ ሲያስገባው አውፍትራክ ይሆናል።

ይህን ልዩነት በትልልቅ የንግድ ሶፍትዌሮች ውስጥም ያገኙታል። እ.ኤ.አ. በ1972 በጀርመን የተመሠረተው ኤስ ኤ ፒ በሶፍትዌሩ ውስጥ የግዢውን ኦርደር በሽቴሉንግ፣ የሽያጩን ኩንደንአውፍትራክ፣ የፋብሪካ ምርት ሥራውን ደግሞ ፌርቲጉንግስአውፍትራክ ይለዋል። በዚህ ሶፍትዌር ሲሠሩ የኖሩ የጀርመን ሠራተኞች ልዩነቱ ደማቸው ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ በእርስዎ ትርጉም ደንበኛው የሚያየው ገጽ ላይ «የእኔ ኦርደሮች» የሚለው «ማይነ በሽቴሉንገን» ይሁን፤ የሻጩ ሠራተኛ በሚያየው ገጽ ላይ «ያልተፈጸሙ ኦርደሮች» የሚለው «ኦፈነ አውፍትሬገ» ይሁን። ለተራ ሸማች ብቻ የሚሸጡ ትንንሽ መደብሮች በውስጥ ገጻቸውም በሽቴሉንግን ይጠቀማሉ፣ ስህተትም አይደለም። ሶፍትዌሩ ራሱ ከአቅራቢዎች ዕቃ የሚገዛበት ክፍል ካለው ግን ሁለቱን መለየት ግድ ነው። አለዚያ ሠራተኛው የተሸጠውንና የተገዛውን በአንድ ስም ያያል።

የቆሙበት ቦታ ብቻውን ግን ሁሉንም አይወስንም። የሚታዘዘው ዕቃ ነው ወይስ ሥራ የሚለውም ይመዝናል። ለአርክቴክት፣ ለጠበቃ፣ ለተርጓሚ፣ ለባንክ የሚሰጠው ከሰጪውም ወገን ሲታይ አውፍትራክ ነው፤ ሰጪው አውፍትራክጌበር ይባላል። ባንክ በየወሩ እንዲከፍልልን የምንሰጠው ቋሚ ትዕዛዝ ዳወርአውፍትራክ ነው። የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 675ኤፍ ላይ ከፋዩ ለባንኩ የሚሰጠውን የክፍያ ትዕዛዝ ጻሉንግስአውፍትራክ ብሎ ይተረጉመዋል። እዚህ ላይ በሽቴሉንግ ማለት ለጀርመናዊ ጆሮ ፈጽሞ አይጥምም።

የሕግ ሰነድ ሲገጥምዎ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስታውሱ። በዚያው ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 662 ላይ አውፍትራክ የሚባለው ውል አንዱ የሌላውን ጉዳይ ያለ ክፍያ የሚፈጽምበት ነው። የዕለት ተዕለቱ አውፍትራክ ግን በአብዛኛው የሚከፈልበት ሥራ ነው። በሽቴሉንግም ሌላ ሕይወት አለው፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ሥራ አስኪያጁን ሲሾም ድርጊቱ በሽቴሉንግ ይባላል። ስለዚህ ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚመለሱ ከሆነ ኦርደርን በጭፍን መተካት ሥራ አስኪያጁን እንደ ዕቃ ማዘዝ ይሆናል።

የካታሎግ ጽሑፍ ካለዎትም በሽቴልኑመርን በጥንቃቄ ይጠቀሙበት። በጀርመን ካታሎጎች ይህ ቃል ብዙ ጊዜ ዕቃው የሚታዘዝበትን መለያ ኮድ ያመለክታል እንጂ የአንዱን ደንበኛ የግዢ ቁጥር አይደለም። በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱም ካሉ የዕቃውን ኮድ አርቲክልኑመር ብለው ይለዩት።

አሁን ወደ መክፈያው ገጽ ልሂድ። በሥራዎ ውስጥ አንድ ቃል ገንዘብ የሚያስከፍለው እዚህ ነው። እንግሊዝኛው ቁልፉ ላይ «ፕሌስ ኦርደር» ይላል። ቃል በቃል «በሽቴሉንግ አውፍጌበን» ቢሉት ሰዋስዉ እንከን የለውም፣ ጀርመናዊም ይረዳዋል። ሕጉ ግን አይቀበለውም። የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች መብት መመሪያ ቁጥር 2011/83 በአንቀጽ 8 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ሸማቹ ቁልፉን ሲጫን የመክፈል ግዴታ እንደሚገባ በማያሻማ ቃል እንዲጻፍ ያዛል። ጀርመን ደንቡን ከነሐሴ 1 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተግባራዊ አድርጋዋለች፤ ዛሬ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 312ጄ ውስጥ ይገኛል። ሕጉ ራሱ የሰጠው ቃል «ጻሉንግስፕፍሊሽቲሽ በሽቴለን» ነው፤ የመክፈል ግዴታ ይዞ ማዘዝ እንደ ማለት። ከዚህ ጋር እኩል ግልጽ የሆነ ሌላ አገላለጽም ይፈቀዳል። ሕጉ ሲረቀቅ በተሰጠው ማብራሪያ «ካውፈን»፣ ማለትም ግዛ፣ በቂ ሆኖ ተቆጥሯል። «በሽቴለን» ብቻውን ግን በቂ አይደለም ተብሏል፤ በጀርመንኛ ሳይከፍሉም ማዘዝ ይቻላልና።

ቃሉ ካልተሟላ ውሉ አይጸናም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 2022 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በመዝገብ ቁጥር ሲ 249/21 በሰጠው ፍርድ ሊመዘን የሚገባው ቁልፉ ላይ የተጻፈው ቃል ብቻ ነው ብሏል። በዚያ ጉዳይ የሆቴል ክፍል የተያዘበት ቁልፍ «ቡኹንግ አብሽሊሰን»፣ ማለትም ክፍል መያዙን ጨርስ፣ ይል ነበር። ቃሉ በዕለት ተዕለት ንግግርና በአማካይ ሸማች አእምሮ ከመክፈል ግዴታ ጋር የግድ ይያያዛል ወይ የሚለውን እንዲመረምር ጥያቄውን ላቀረበለት የጀርመን ፍርድ ቤት መልሶለታል። በገጹ ሌላ ቦታ ዋጋው በግልጽ መጻፉ አያድንም። ስለዚህ ይህን ቁልፍ ሲተረጉሙ እንግሊዝኛውን ይርሱት፤ ከጀርመንኛው የሕግ ቃል ይነሡ። አሠሪዎ «ጽሑፉ ረዘመ፣ ቁልፉ ውስጥ አይገባም» ካለ ቁልፉን ያስፋ። ጽሑፉ ለስዊዘርላንድ ገበያም የሚውል ከሆነ አገሪቱ የኅብረቱ አባል ስላልሆነች መመሪያው እንደማይገዛት ይንገሩት። ያም ሆኖ ግልጹን ቃል እዚያም ቢጠቀም የሚጎዳው የለም።

ከቁልፉ ቀጥሎ የሚመጣው ኢሜይልም ወጥመድ አለው። እንግሊዝኛው «ኦርደር ኮንፈርሜሽን» ይለዋል። በጀርመንኛ ግን «በሽቴልበሽቴቲጉንግ» ካሉት ትዕዛዝዎ ደርሶናል የሚል መልእክት ሆኖ ሊነበብ ይችላል፤ «አውፍትራክስበሽቴቲጉንግ» ካሉት ትዕዛዙን ተቀብለናል፣ ውሉ ተመሥርቷል ወደሚለው ያደላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 312አይ ነጋዴው የሸማቹ በሽቴሉንግ መድረሱን ሳይዘገይ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል፤ መቀበል ግን ሌላ ድርጊት ነው። ዋጋው በስህተት ዝቅ ብሎ የተለጠፈ ዕቃ ቢታዘዝ ክርክሩ ሁሉ በዚያ ኢሜይል ቃል ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የኢሜይሉን ሙሉ ጽሑፍ ሳያነቡ ርእሱን አይተርጉሙ። ጽሑፉ «ትዕዛዝዎ ደርሶናል፣ እየመረመርነው ነው» ካለ «አይንጋንግስበሽቴቲጉንግ»፣ ማለትም የመድረስ ማረጋገጫ፣ ከሁሉም የጠራ ቃል ነው።

ስለ ሶፍትዌሩ ፋይልም ላንሣ። ኦርደር በእንግሊዝኛ ስምም ግስም ነው፣ መልኩም አይለወጥም። በጀርመንኛ ስሙ በሽቴሉንግ፣ ግሱ በሽቴለን ነው። ፋይሉ ውስጥ ቃሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ በርእስም በቁልፍም የሚጠራ ከሆነ አንዱ ቦታ መበላሸቱ አይቀርም። ፕሮግራመሮቹ ጌትቴክስት የተባለውን ሥርዓት የሚጠቀሙ ከሆነ አንድ ዓይነት የሆኑ የእንግሊዝኛ ጽሑፎችን ለመለየት የተሠራ የአውድ መስክ አለው፤ እንዲሞሉት ይጠይቋቸው። የጾታ ነገርም አለ፦ በሽቴሉንግ አንስታይ፣ አውፍትራክ ተባዕታይ፣ ዶኩሜንት ግዑዝ ጾታ ነው። «ኒው» የሚለውን አንዴ ተርጉሞ ከየስሙ ፊት መለጠፍ በእንግሊዝኛ ይሠራል፣ በጀርመንኛ ግን «ኖየ በሽቴሉንግ»፣ «ኖየር አውፍትራክ»፣ «ኖየስ ዶኩሜንት» ነው። እያንዳንዱ ሐረግ ሙሉ ሆኖ በየራሱ መስመር መቀመጥ አለበት። ይህ የተርጓሚው ቅንጦት አይደለም፤ ያለዚያ ትክክለኛ ጀርመንኛ መጻፍ አይቻልም።

ወደ ውሉ እንምጣ፤ የፍርድ ቤት ኦርደር ያሉት። ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው፣ ምክንያቱም በጀርመን ሕግ የውሳኔው ስም የውሳኔውን ዓይነትና አካሄድ ይናገራል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የፍርድ ቤትን ውሳኔዎች ኡርታይል፣ በሽሉስና ፌርፊጉንግ ብሎ ይከፍላቸዋል። ኡርታይል በመርሕ ደረጃ ከቃል ክርክር በኋላ የሚሰጥ ፍርድ ነው። በሽሉስ ያለ ቃል ክርክርም ሊሰጥ የሚችል ውሳኔ ነው። ፌርፊጉንግ ዳኛው ክርክሩን ለመምራት የሚሰጠው፣ ለምሳሌ ቀጠሮ የመወሰን፣ ትዕዛዝ ነው። ታዲያ «አይንስትቫይሊገ ፌርፊጉንግ» የሚባለው ጊዜያዊ እገዳ ስሙ ፌርፊጉንግ ይሁን እንጂ በቅርጹ እንደ ሁኔታው በኡርታይል ወይም በበሽሉስ የሚሰጥ ነው። በቤተሰብ ጉዳዮች ደግሞ ተመሳሳዩ ጊዜያዊ ትዕዛዝ «አይንስትቫይሊገ አንኦርድኑንግ» ይባላል፤ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የሚሰጠውም እንዲሁ። ከመስከረም 1 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍቺም በበሽሉስ እንጂ በኡርታይል አይወሰንም፤ አሮጌ መዝገበ ቃላት የያዘ ተርጓሚ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ጥቃት ፈጻሚ እንዳይቀርብ የሚከለክለውን፣ አሜሪካኖቹ ሪስትሬይኒንግ ኦርደር የሚሉትን ብንወስድ፣ በጀርመን የጥቃት መከላከያ ሕጉ ከ2002 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ ሲሆን አስቸኳዩ ትዕዛዝ በቤተሰብ ፍርድ ቤት በአይንስትቫይሊገ አንኦርድኑንግ ይሰጣል። በፊልም ትርጉም ግን «ኮንታክትፌርቦት»፣ የመገናኘት እገዳ፣ ቢባል ተመልካች ወዲያው ይገባዋል፤ ያም ትክክል ነው። አንባቢው ዳኛ ወይም ጠበቃ ከሆነ ግን ያ ቃል አይበቃም።

ስለ ገንዘብ ጥያቄ የሚሰጠው ትዕዛዝ ደግሞ አገር ይለያል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1896/2006 በጀርመንኛው ቅጂ «ጻሉንግስበፌል» ይለዋል። ኦስትሪያና ስዊዘርላንድም በየራሳቸው ሥርዓት ይህንኑ ቃል ይጠቀማሉ። ጀርመን ውስጥ ግን የአገሬው ሥርዓት ሰነድ «ማንበሻይት» ነው። ሦስቱም አገሮች ጀርመንኛ ይጽፋሉ፣ ሆኖም ሰነዱን በሌላው ስም ከጠሩት ባለሙያው ሌላ ነገር ይረዳል። በወንጀል በኩልም በፌል አለ፦ ሃፍትበፌል የእስር ማዘዣ ነው፣ ሽትራፍበፌል ደግሞ በቀላል ወንጀል ላይ ችሎት ሳይሰየም በጽሑፍ የሚሰጥ የቅጣት ትዕዛዝ ነው።

በእርስዎ ውል ያለው አንቀጽ ስለ ማንኛውም ፍርድ ቤት በጥቅሉ የሚናገር ከሆነ «ገሪሽትሊሸ አንኦርድኑንግ» ይበሉ። ቃሉ የተወሰነ የሥነ ሥርዓት ቅርጽ አያስገድድም። የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ፍርድ ቤት የሰጠውን ትዕዛዝ ግን በሽሉስ ብሎ መተርጎም ያ ፍርድ ቤት በማያውቀው የጀርመን ቅርጽ ማልበስ ይመስለኛል፤ ብዙ ባልደረቦቼ ያደርጉታል፣ እኔ ግን አልመክርም። ሰፊውን ቃል ይጠቀሙ።

በፌልን ለብቻው ከወሰድነው የወታደርና የኮምፒውተር ነው፤ አዛዡ ለወታደሩ፣ ተጠቃሚው ለማሽኑ። የመሥሪያ ቤት አለቃ ለሠራተኛው የሚሰጠው ቫይዙንግ ነው፤ የአሠሪው መብትም በሕጉ ቫይዙንግስረሽት ተብሏል። የሥራ መመሪያ ላይ በፌል ቢጽፉ ድርጅቱ ጦር ሰፈር ይመስላል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልጥቀስ። ተራን የሚያመለክተው ራየንፎልገ ነው። ሰንጠረዥ ላይ ዝርዝር የሚደረደርበት ሶርቲሩንግ ነው። ንጽሕናን፣ ጸጥታንና ደንብን የሚያመለክተው ኦርድኑንግ ነው፤ በሒሳብ የሁለተኛ ደረጃ ዲፈረንሻል እኩልታም «ጽቫይተር ኦርድኑንግ» ይባላል። ጀርመንኛ አንዳንድ ሰፋፊ ሕጎችን ራሱ ኦርድኑንግ ይላቸዋል፤ ከላይ ያነሣሁት የሥነ ሥርዓት ሕግ ስሙ ጺቪልፕሮጸስኦርድኑንግ ነው። «ኦን ዘ ኦርደር ኦፍ» ሲባል ግምታዊ መጠን ነው፤ «ኢን ዴር ግሮሰንኦርድኑንግ ፎን» ይሆናል። የተበላሸ ማሽን «አውሰር በትሪፕ» ነው፤ ኦርድኑንግ እዚያ የለም። መነኮሳት የሚኖሩበት ማኅበርና ደረት ላይ የሚንጠለጠል ኒሻን ሁለቱም ኦርደን ናቸው።

አንድ የሚያሳስት ዘመድ ደግሞ አለ። ጀርመንኛም «ኦርደር» የሚል አንስታይ ስም አለው። በአክሲዮን ገበያ የመግዣና የመሸጫ ትዕዛዝ ኦርደር ይባላል፣ ብዙ ቁጥሩ ኦርደርስ ነው። በአሮጌው የወታደር ቋንቋም ነበር፣ በዚያ ብዙ ቁጥሩ ኦርደርን ይሆናል። በንግድ ወረቀቶችም «አን ኦርደር» የሚል ሐረግ አለ፤ ሰነዱ ለተጻፈለት ሰው ወይም እሱ ፈርሞ ለሚያስተላልፍለት እንዲከፈል የሚያደርግ ነው። ለሸማች መደብር ግን ይህን ቃል አይጠቀሙ፤ የነጋዴዎች የውስጥ ቋንቋ ሽታ አለው።

አሠሪዎ ለሚይዘው የቃላት መዝገብ ስለዚህ ለኦርደር አንድ መስመር ሳይሆን ብዙ መስመር ይክፈቱ፤ በየመስመሩ ማን ለማን እንደሚሰጠው፣ ዕቃ ይሁን ሥራ፣ ስም ይሁን ግስ፣ ለየትኛው አገር እንደሆነ ይጻፉ። ሁለት ተርጓሚዎች አንድ ቃል ላይ ሲከራከሩ የሚፈታቸው ይህ ማብራሪያ ነው።

በፋይሉ ውስጥ «ኦርደር ባይ» ብቻ ተጽፎ ቢያገኙ ደግሞ ወዲያው አይተርጉሙት። ዝርዝሩን በዋጋ ወይም በስም ለመደርደር ከሆነ «ሶርቲረን ናኽ» ነው። ያዘዘውን ሰው ስም የሚጠይቅ ከሆነ «በሽቴልት ፎን» ነው። ከዚህ ቀን በፊት እዘዙ ለማለት ከሆነ «በሽቴለን ቢስ» ነው። ሦስቱም በአንድ መደብር ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። መስመሩን ባዶ ይተዉት፣ የገጹን ፎቶ እንዲልኩልዎ ይጠይቁ፣ ጥያቄዎን ሥራውን ከሚያስረክቡበት ቀን አስቀድመው ይላኩ።